ሁለት ታርጋ የተባለችው አበባ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሃምሳ ቁራጭ ተክዬ ሃምሳውንም ዘቅዝቄያቸው ነበር።

ከወሎ ወደ አዋሽ የወረድኩት ጥጥ ለመልቀም ነው። ሁለት የለቀማ ወቅት በአንድ ትልቅ እርሻ ለቀምኩ። በሦስተኛው ላይ የጥጡ ቅርፊት ጣቶቼን ስለቆራረጣቸው ካቦው ከመስመር አወጣኝና ወደ ችግኝ ጣቢያው ላከኝ። የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ተሰማ ይባላሉ። ሰላምታ የማያበዙ ሰው ነበሩ። አንድ እቅፍ ቅጠል የሌለው እንጨት ፊቴ አስቀመጡና በየፕላስቲኩ ተክለሽ ደርድሪ ብለውኝ ሄዱ። የወረቀት አበባ ነበር፤ የተማሩት ቡገንቪላ ይሉታል። ቅጠሉ የረገፈ እንጨት ላዩና ታቹ አይለይም። እኔም የመጣልኝን ጫፍ ወደ አፈር እየከተትኩ፣ ደስ የሚል መስመር አበጅቼ ጠበቅኋቸው።

ጋሽ ተሰማ ተመልሰው መጡና አንዱን ነቀሉ። ቡቃያ የሚወጣበት ዓይኑ ወደ ታች ዞሯል። ሌላም ነቀሉ፤ እሱም እንደዚያው። ሃምሳውም እንደዚያው ነበሩ፤ አጋጣሚው እንኳ አላዘነልኝም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ሰው በጭንቅላቱ ተተክሎ ሲያድግ አይተሻል?»

ከዚያ መቀሳቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የታችኛው ጫፍ ሰያፍ ይቆረጣል፣ የላይኛው ቀጥ። እንዲህ ከተቆረጠ ሰው ሳያይ በእጁ ብቻ ዳስሶ ያውቀዋል። ሃምሳውን ነቅዬ እንደገና ተከልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቁራጭ አልዘቀዘቅኩም።

በጣቢያው ማዕረግ ነበረ። ከሁሉ በታች አፈር የሚነፋው፣ ቀጥሎ ፕላስቲክ የሚሞላው፣ ቀጥሎ የሚያጠጣው፣ ከዚያ መቀስ የሚይዘው ነው። ከመቀሱ በላይ ጋሽ ተሰማ ብቻ ነበሩ። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልደረስኩም፤ ፊደል እንኳ የለየሁት ቆይቼ፣ ከጭነት መኪና ጀርባ የተጻፈውን እየጠየቅሁ ነው። ስለዚህ በወረቀት የሚሰጥ እድገት አልደረሰኝም። በአራተኛው ዓመት ግን ጋሽ ተሰማ መቀሱን በእጄ ላይ አስቀመጡት። እስከ ማታ ድረስ ከእጄ አላወረድኩትም።

እርሻው ጣቢያውን ሲዘጋ አዋሽ ከተማ ገባሁ። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጎሚስታ አጥር ጋር ተያይዛ ትንሽ ቦታ አገኘሁ። የተቆረጠ ጀሪካን፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የተጣለ ጎማ መትከያ ሆኑኝ። ለአፈሩ ከወንዝ ዳር ደለል አመጣሁ። ጥላውን በማዳበሪያ ከረጢት ወጠርኩ። የችግኝ ሥራዬ የራሴ የሆነው እንዲህ ነው።

አዲስ ዝርያ የሚያመጡልኝ ሹፌሮች ነበሩ። ጅቡቲ ወደብ ደርሰው ሲመለሱ፣ አንዱ ቅጠሉ የተዥጎረጎረ ክሮተን የሚሉት ተክል በውሃ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ቢጫ የወረቀት አበባ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጠኛል። ስሙን የሚያውቅ የለም። ስም የምናወጣው እኛ ነን። አንዷን ቀይ የበረሃ ጽጌረዳ «ፍሬን» አሏት፤ ያየ ሹፌር ሁሉ ስለሚቆም።

አንድ ደንብ ነበረኝ፦ የሰመራን ሙቀት ያላለፈ ተክል ለሰው ግቢ አልሸጥም። ሰመራ ልጄ ትኖራለች። አዲስ የመጣውን በሙሉ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አቅፌ፣ በገዋኔና በአዳይቱ አልፌ እሷ ግቢ እወስደዋለሁ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ እዚያ ይቆያል። የተረፈውን አራባለሁ፣ ያልተረፈውን እተወዋለሁ። ከደጋ ተመድበው የመጡ የቢሮ ሠራተኞች የአገራቸውን ጽጌረዳ አምጪልን እያሉ ይለምኑኝ ነበር። ጽጌረዳው በሙቀት ሲሞት በመስከረም መጥተው የሚያለቅሱት እነሱ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ እምቢ እላለሁ።

ለአፋሮች መሸጥ ሌላ ነው። ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም ዛፍ ለጥላ ተብሎ መጥቶ ግጦሻቸውን ስለበላባቸው፣ አዲስ አረንጓዴ ነገር ሲያዩ ይጠረጥራሉ። አንድ ሽማግሌ ሰመራ ላይ ከቆርቆሮዎቼ ፊት ቁጢጥ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩና «ይሄ ይራመዳል?» ብለው ጠየቁኝ። አይራመድም አልኳቸው፤ የወረቀት አበባ እዚህ አገር ዘር ሲጥል አላየሁም፣ ሰው በእጁ ካልወሰደው ከቆመበት አይነቃነቅም። «እንግዲያስ የሚወስደው ሰው ነው የሚጠየቀው» አሉና አንድ ገዙኝ።

አሁን ወደ ራሴዋ አበባ ልምጣ።

ከጎሚስታው አጥር ላይ አንድ ያረጀ ሐምራዊ የወረቀት አበባ ነበረኝ። አንድ ጠዋት ውሃ ሳጠጣ ከመሃል አንዱ ቅርንጫፍ ልዩ ሆኖ አየሁት። አበባ የምንለው እውነቱን ለመናገር ባለ ቀለም ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ ከመሃሉ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። የዚያ ቅርንጫፍ ቅጠል በመሃል አጥንቱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ሐምራዊ ሆኗል። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ አላየሁም። ማንም አላመጣልኝም። ከራሴ አጥር ወጣ።

ሁሴን የሚባል ተሳቢ የሚነዳ ሹፌር ጎማ እያስጠገነ ነበርና ጠርቼ አሳየሁት። እየዞረ አያት።

«እማማ ዘይነባ፣ ይቺማ ሁለት ታርጋ ናት» አለኝ። «ትራፊክ ሳያያት ይደብቋት።»

ስሟ ሁለት ታርጋ ሆኖ ቀረ። እኔም ምክሩን ከቀልዱ አልለየሁትምና ደበቅኋት።

ከእሷ ሰባት ቁራጭ ወሰድኩ። ሁለቱ በቀሉ። ከሁለቱ አንዷ ስታብብ ሙሉ ሐምራዊ ሆና ወደ እናቷ ተመለሰች። አንዷ ብቻ ሁለት መልኳን ያዘች። አጥሩ ላይ የነበረውን ቅርንጫፍ ደግሞ አንድ ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲል ከነአጥሩ ደፈጠጠው። ስለዚህ በዓለም ላይ ያለችው ሁለት ታርጋ በአንድ ጀሪካን ውስጥ ያለችው ብቻ ሆነች። በግንቦት አቅፌ ሰመራ ወሰድኳት። ሙቀቱን አለፈች። በመስከረም ከላይ እስከ ታች አበበች፤ የልጄ ግቢ የሠርግ ቤት መሰለ።

እኔም እዚያው ሰነበትኩ፤ ሰው ይመጣ ጀመር። ሁሉም ቁራጭ ይለምናል። ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠሁ፦ ይቺ በቁራጭ አትበቅልም። ውሸት ነው። ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። ሃያ፣ ሠላሳ ሆና በእጄ እስክትበዛ ድረስ የእኔ ብቻ ሆና እንድትቆይ ነበር። የሌላ ሰው ተክል ሳራባ ኖሬ፣ የራሴ አንድ ነገር ስትኖረኝ እጄ ተጨበጠ።

ከለመኑኝ መካከል ዳዊት የሚባል የከተማው አረንጓዴ ልማት ባለሙያ ነበር፤ ትሑት ወጣት። እማማ፣ ይህ አዲስ ዝርያ ነው፣ አንድ ብቻ ይዞ መቀመጥ ያሰጋል፣ አንድ ቁራጭ ይስጡኝና በጣቢያችን ላቆይልዎ አለኝ። ለእሱም አትበቅልም አልኩት። ፈገግ አለ እንጂ አልተከራከረኝም። ሌላዋ ከአዳይቱ እህቷን ልትጠይቅ የመጣች ፋጡማ የምትባል አፋር ሴት ነበረች። እሷ አበባዋን ደጋግማ እየነካካች በእርግጥ አትበቅልም ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ አትበቅልም አልኳት።

በዚያው ሳምንት የአበባዋን ቅርንጫፎች ስቆጥር አንድ ጎደለ።

ወደ አእምሮዬ የመጣው ዳዊት ነው፤ ከኪሱ መቀስ አይለይም። ቢሮው ሄጄ በባልደረቦቹ ፊት መቀስ የተሰጠህ ልትሰርቅበት ነው ወይ አልኩት።

ፊቱ ቀላ። «እማማ፣ እኔ ብቆርጥ ኖሮ እነግርዎት ነበር» አለኝ።

ስብራቱን ቀርቤ ባየው ኖሮ መቀስ እንዳልነካው አውቅ ነበር። በእጅ የተሰበረ ነው። የመቀስን ሥራ ያህል የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ንዴት ግን ሙያ አያስታውስም።

በጥቅምት ለሁለት ሳምንት ወደ አዋሽ ሄድኩ። ስመለስ የሁለት ታርጋ ቅጠል ጫፉ ተቃጥሎ ቡናማ ሆኗል። ሙቀት ነው ብዬ ከበርሜሉ ደህና አድርጌ አጠጣኋት። በማግስቱ ባሰባት። እንደገና አጠጣኋት። ቅጠሏ ረገፈ። በአምስተኛው ቀን የጀሪካኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት አየሁና በምላሴ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። የቧንቧው ውሃ ተቋርጦ ኖሮ ልጄ በርሜሉን በጨዋማ የጉድጓድ ውሃ አስሞልታ ነበር። እሷ ውሃው አበባ ይገድላል ብላ አላሰበችምና አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ለሰው ሁሉ የማስተምረው የመጀመሪያ ነገር፣ በሰመራ ከማጠጣታችሁ በፊት ውሃውን ቅመሱ የሚል ነው። እኔ አልቀመስኩም። በገዛ እጄ ጨው አጠጥቼ ገደልኳት።

የልጅ ልጄ በስልኳ ያነሳችውን የአበባዋን ፎቶ፣ የጎደለውን ቅርንጫፍ ያየ ካለ ብላ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈች። ብዙ ሰው ልብ ላከላት። አበባዋን ያየ ግን አልተገኘም።

ወደ አዋሽ ስመለስ መኪናው ለምሳ ገዋኔ ቆመ። ፍየል የሚነግዱ ሐመዱ የሚባሉ ሽማግሌ ከጥላው ሥር ተቀምጠዋል፤ በመንገድ እንተዋወቃለን። አፋር ሲገናኝ እንደ እኛ ደህና ነህ ብሎ አያልፍም። ዳጉ ይባባላል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብሎ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አዳምጦ፣ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይሰጣል። የሰማው ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው እንዳለ ያደርሳል። በዳጉ ውሸት የተናገረ ሰው ከዚያ በኋላ ሰው አያምነውም። እኔም በአፋርኛዬም በአማርኛዬም እያቀላቀልኩ የአበባዬን ነገር ነገርኳቸው። ሞተች፣ ከመሞቷ በፊት ግን አንድ ቅርንጫፍ ተሰርቆብኛል አልኩ።

ሐመዱ አሰቡና «ተሰርቋል አትበይ» አሉኝ። «ከግቢዬ ወጥቷል በይ። ሌባ ስትፈልጊ ያየ ሁሉ ዝም ይላል። የጠፋ ነገር ስትፈልጊ ያየ ሁሉ ይናገራል።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። በአንድ ቅጠል ላይ ነጭና ሐምራዊ ያላት የወረቀት አበባ፣ ከሰመራ ግቢ ወጥታለች፣ እናቲቱ ሞታለች፣ ያያት ይንገረኝ አልኩ። ሐመዱ ቃሌን ደግመው ለራሴ አሰሙኝ፤ አንድም አልሳቱም።

ከሁለት ወር በኋላ ሁሴን ከተሳቢው ሳይወርድ መስኮቱን አውርዶ፣ እማማ ዘይነባ፣ ታርጋዋ አዳይቱ ተይዛለች አለኝ። ፋጡማ ከምትባል ሴት ግቢ ናት። መቀሴን ይዤ ጋቢናው ላይ ወጣሁ።

የፋጡማ ግቢ በእሾህ የታጠረ ነው። ከአጥሩ ውስጥ በዘይት ቆርቆሮ ሁለት ታርጋ ቆማለች፤ ክንድ ታህላለች፣ ስድስት አበባ ይዛለች። ፋጡማ ሰሌን ዘርግታ አስቀመጠችኝ፣ ወተት ሰጠችኝ፣ ጎረቤቶቿም መጥተው ተቀመጡ። እኔ ልቆጣት ነበር የመጣሁት። እሷ ግን በደንቡ ዳጉ ጀመረች፤ ምንም ሳልጠይቃት ሁሉን ተናገረች። ዓርብ ቀን ከሰላት በኋላ መጣሁ፣ ጠየቅሁሽ፣ ውሃ ልትቀጂ ስትገቢ አንድ ቅርንጫፍ ሰበርኩ፣ በሻሼ ጠቅልዬ አመጣሁ አለች።

ታዲያ ለምን ሰበርሽ አልኳት።

«አትበቅልም ብለሽኛል» አለች። አፋር ለትልቅም ለትንሽም አንቺ ነው የሚለው። «የማትበቅል ከሆነች ከአንቺ ምን ይጎድላል? መልኳን ለልጆቼ ላሳይ ነው የወሰድኳት። እንዳትጠወልግ ብዬ እርጥብ አፈር ውስጥ ሰካኋት። ልጥላት ስስባት እምቢ አለችኝ። ሥር ይዛለች።»

ጎረቤቶቿ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር። ፋጡማ ግን አልሳቀችም።

«አንቺ የሰጠሽኝን ዳጉ እዚህ አምጥቼ ለሰባት ቤት ተናገርኩ። እንዲህ ያለ አበባ አለ፣ በቁራጭ ግን አይበቅልም አልኩ። ከዚያ በግቢዬ በቀለ። ሰባቱም ቤት ዞሬ የነገርኳችሁ ሐሰት ነው አልኩ። ከተወለድኩ ዳጉዬን መልሼ አላውቅም። አንቺ ነሽ ያስመለስሽኝ።»

መቀሴን ከከረጢቴ ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

«መጀመሪያ ዳጉውን አስተካክዪ» አለችኝ። «ከዚያ መቀስሽን አውጪ።»

ምን እንደምትጠይቀኝ ገብቶኛል። እዚያ የተቀመጡት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ የሚሰማው ግን ከአዋሽ አርባ እስከ ሰመራ ያለ ሰው ነው። እንዴት እንደምትራባ ከተናገርኩ ሁለት ታርጋ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የእኔ አይደለችም። ካልተናገርኩ ደግሞ በዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ካለችው በቀር ሌላ የለችም፤ አንድ ፍየል አጥሩን ቢዘል ያልቅላታል። ወተቱን ጠጥቼ ጨረስኩ። ከዚያ ተናገርኩ።

ይቺ አበባ በቁራጭ ትበቅላለች፤ አትበቅልም ያልኩት እኔ ዘይነባ ነኝ፣ ዋሽቻለሁ አልኩ። እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ውሰዱ፣ አራት ዓይን ይኑረው። ታቹን ሰያፍ፣ ላዩን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። በወንዝ ደለል ትከሉ፣ ጥላ ሥር ይቆይ፣ ሰባት ሳምንት አትነካኩት። ውሃውን ቀምሳችሁ አጠጡ። ሙሉ ሐምራዊ ቅርንጫፍ ካወጣች ከሥሩ ቁረጡት፣ አለዚያ ወደ እናቷ ትመለሳለች። ሰመራ ላይ ዳዊት የሚባል ልጅ ሰርቀሃል ብዬዋለሁ፤ አልሰረቀም። ይኸው ነው።

ፋጡማ እጄን ለቀቀች። አምስት ቁራጭ ወሰድኩ። ሁለቱን እዚያው ለእሷ ተከልኩላት፣ ሦስቱን ይዤ ሄድኩ። ከሦስቱ ሁለቱ መልካቸውን ያዙ።

ከሁለቱ አንዷን ለዳዊት ቢሮው ድረስ ወሰድኩለት። በባልደረቦቹ ፊት እንደሰደብኩት በባልደረቦቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ዳጉው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ ሁሉም አውቀዋል። ዳዊት ችግኟን ተቀበለኝና፣ እማማ፣ እንግዲህ መቀሴን ኪሴ ልመልሰው ወይ አለኝ። መልሰው አልኩት። ዛሬ በእሱ ጣቢያ አንድ ሙሉ መደብ ሁለት ታርጋ አለ።

አሁን ጉልበቴ ስለደከመ መንገዱን የምሄደው በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው። ባለፈው ጊዜ ስሄድ ሳልፈልግ መቁጠር ጀመርኩ። በአዋሽ አርባ በአንድ ሻይ ቤት በር ላይ አየኋት፤ በገዋኔ በሦስት ግቢ፤ አዳይቱ ላይ መቁጠሩን ተውኩት። ሹፌሩ እማማ፣ ምን ያስቅዎታል ብሎ ጠየቀኝ። አበባ ነው አልኩት።

ሰመራ ስደርስ ከገበያው ዳር አንዲት የማላውቃት ወጣት ሴት ሁለት ታርጋን በቆርቆሮ ደርድራ ትሸጣለች። ለቤት ይሆንሻል፣ ግዢኝ አለችኝ። እንዴት ነው የምትራባው ብዬ ጠየቅኋት። እሷም እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ፣ አራት ዓይን፣ ታቹ ሰያፍ፣ ላዩ ቀጥ፣ የወንዝ ደለል፣ ጥላ ሥር፣ ሰባት ሳምንት አትነካኪው፣ ውሃውን ቅመሺ፣ ሐምራዊውን ከሥሩ ቁረጪ አለችኝ። አንድ ቃል አልጎደለም፣ አንድ ቃል አልተጨመረም። ከማን ሰማሽ አልኳት።

«ከአክስቴ» አለችኝ። «መጀመሪያ የተናገረችው ዘይነባ የምትባል የአዋሽ አሮጊት ናት። በፊት ዋሽታ ነበር፤ ኋላ አስተካከለችው።»

አንድ ገዛኋት። ዘይነባ ማን እንደሆነች አልነገርኳትም፤ ዳጉው የጎደለ ነገር አልነበረውምና።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው፦ አዲስ ዝርያ ስታገኙ ከሦስት ሰው ግቢ ባነሰ አታስቀምጡት። እንዴት እንደሚራባ የጠየቃችሁም ሰው ካለ፣ የምታውቁትን እንዳለ ንገሩት።